ተራው ሰው የት ሄደ? ሮበርት ቦልት ከመድረክ ወደ ፊልም

ጋባዦቼ የሰጡኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ ፀሐፌ ተውኔት ፊልም ወደ መጻፍ ሲዞር ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል የሚል። ይህን ጥያቄ በጥቅሉ ልመልስ ብነሣ የምናገረው ሁሉ መጨበጫ የሌለው ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ አንድ ሰው መረጥሁ። እርሱም እንግሊዛዊው ሮበርት ቦልት ነው።

ስለ ፊልም ስንጨዋወት ስሙን የምናነሣው ተዋናዩን ነው፤ ቢበዛ ዳይሬክተሩን። «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን፣ «ዶክተር ዢቫጎ»ን፣ «ዘ ሚሽን»ን ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ እንዳያችሁ እገምታለሁ። የሦስቱም ጽሑፍ ከአንድ ሰው እጅ ማለፉን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሰው ፊልም ከመጻፉ በፊት በገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ቀጥሎም በለንደን መድረክ ስሙ የተጠራ ፀሐፌ ተውኔት ሆነ።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቦልት ለመድረክ ሲጽፍ አንድ ልዩ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ በታላላቆቹ መካከል እየተመላለሰ የሆነውን ሁሉ የሚያይ፣ ያየውንም ለእኛ ለተመልካቾች የሚነግር ተራ ሰው። ያው ተውኔት ወደ ፊልም ሲገባ ይህን ሰው ማስወጣት ግድ ሆነበት። እኔ እንደምረዳው ግን ተራው ሰው ወጥቶ አልቀረም፤ ልብሱን እየለወጠ በቦልት ሌሎች ሥራዎች ውስጥ ተመልሷል። በመጀመሪያ ደራሲው ከየት እንደ መጣ ባጭሩ እነግራችኋለሁ። ቀጥሎ በዋናው ተውኔቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን። ከዚያ በ1961 ወደ ገጠመው ነገር እንሻገርና በኋለኞቹ ፊልሞቹ እንጨርሳለን። ዓመታቱንም ቀኖቹንም የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ቦልት የተወለደው በ1924 ማንችስተር አጠገብ ባለችው ሴል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ አነስተኛ ሱቅ ነበረው፤ ቤተ ሰቡም የሜቶዲስት እምነት ተከታይ ነበር። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ በአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ተቀጠረ፤ ሥራውንም ጠላው። ከዚያ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በወጣትነቱም የኮሚዩኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ ጥቂት ዓመታት ቆየ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከትምህርቱ አስነሥቶ በመጨረሻ ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ ወደ ዛሬዋ ጋና ወሰደው። ሲመለስ የታሪክ ዲግሪውን ጨረሰ፤ የመምህርነት ሥልጠና ወሰደና በዴቨን ገጠር ማስተማር ጀመረ። ታሪክ ማጥናቱን ልብ በሉልኝ፤ በሕይወቱ ሙሉ ሲጽፍ የኖረው በአብዛኛው ስላለፉ ዘመናት ነው።

ጸሐፊነቱን ያገኘው በልጆች ምክንያት ነው። ገና ሲቃረብ ተማሪዎቹ የሚጫወቱት የልደት ተውኔት እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። የነበሩትን ጽሑፎች ቢያገላብጥ አልወደዳቸውም፤ ራሱ ጻፈ። የዕድሜ ልክ ሥራው ምን እንደሆነ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በቀን እያስተማረ ለቢቢሲ ሬድዮ ድራማ ይጽፍ ጀመር። ሬድዮ ለፀሐፌ ተውኔት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ መብራትና አልባሳት፣ ፊትና እጅ የሚሸፍኑለት ጉድለት የለም፤ ቃሉ ካልቆመ ሁሉም ይወድቃል። በ1957 «ፍላወሪንግ ቼሪ» የተባለው ተውኔቱ በለንደን ታየ። ባለ ታሪኩ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቀን የፍራፍሬ እርሻ ይኖረኛል እያለ በሕልም የሚኖር። ያ የተጠላ ቢሮ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ዋናውን ሰው ራልፍ ሪቻርድሰን፣ ሚስቱን ሲሊያ ጆንሰን ተጫወቱ፤ ተውኔቱ ተወደደ፤ ቦልትም ማስተማሩን ትቶ ብዕሩን ብቻ ይዞ ለመኖር በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። «ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ» ይባላል፤ እኛ «የዘመን ሁሉ ሰው» እንበለው። ታሪኩ የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ታሪክ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ንግሥት ካትሪንን ፈትቶ አን ቦሊንን ማግባት ፈለገ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ አልፈቀደም፤ ስለዚህ ንጉሡ በገዛ አገሩ ቤተ ክርስቲያን ላይ ራሱን የበላይ አደረገ። ሹማምንቱና ጳጳሳቱ ይህን በመሐላ እንዲቀበሉ ታዘዙ፤ ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም ማሉ። የንጉሡ ዋና ሹም የነበረው ቶማስ ሞር ግን አልማለም። አስቀድሞ ሥልጣኑን መልሶ ቤቱ ገብቶ ነበር፤ አፉንም ዘጋ። ሞር የሕግ ሰው ነበርና ዝምታ ወንጀል እንደማይሆን ያውቃል። በመጨረሻ ሪቻርድ ሪች የተባለ ሹመት ፈላጊ በሐሰት መሰከረበት፤ ሐምሌ 6 ቀን 1535 አንገቱ ተቀላ።

የቀድሞ ኮሚዩኒስት፣ አማኝ ነኝ የማይል ሰው፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ የምታከብረውን ሰው ጀግናው ያደረገው ለምንድን ነው? ቦልት ከተውኔቱ ጋር ባሳተመው መግቢያ ይህን ጥያቄ ራሱ አንሥቶ መልሷል። የሳበው ሃይማኖቱ አይደለም፤ መሐላው ነው። ሰው ሲምል ራሱን መያዣ አድርጎ ይሰጣል፤ በሐሰት ከማለ የሚሰጠው ራስ አይቀረውም። ቦልት በዘመኑ የነበረው ሰው ይህን «ራስ» የሚባል ነገር እያጣ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሞር ግን እስከዚህ ድረስ እሄዳለሁ፣ ከዚህ ግን አላልፍም የሚልበትን ቦታ አጥርቶ ያውቅ ነበር።

ማተብ ያሰረና በመሐላ ሲዳኝ የኖረ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በእኛም መድረክ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ተመሳሳይ ሰዓት አሳይቶናል፤ አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ፊት የቆሙበትን ሰዓት። ጸጋዬ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር ሙያውን ያጠና እንደ ነበር ታውቃላችሁ፤ ቦልት የገነነውም በዚያው ከተማ፣ በዚያው ወቅት ነው። የሁለቱ ጀግኖች መንገድ ግን ይለያያል። የጸጋዬ ጳጳስ ኃይላቸው በንግግራቸው ነው፤ ነፍሳቸውን በቃል አውጥተው ያፈሷታል። የቦልት ሞር ኃይሉ ባለመናገሩ ነው። እስኪፈረድበት ድረስ ዋናውን ነገር ከአፉ አያወጣም፤ ተመልካቹም ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚጠብቀው ያልተነገረውን ቃል ነው። ቃል ሥራው ለሆነ ሰው በዝምታ ላይ ተውኔት መገንባት ትልቅ ድፍረት ነው። እኔ የኋለኛውን የፊልም ጸሐፊ እዚህ ላይ አየዋለሁ፤ ገና ካሜራ ሳያይ ዝምታን መጻፍ ችሏል።

ይህን ታሪክ ቦልት ደጋግሞ ነው የጻፈው። በ1954 በሬድዮ ቀረበ፤ በ1957 በቴሌቪዥን። ሐምሌ 1 ቀን 1960 ደግሞ ፖል ስኮፊልድ ሞርን እየተጫወተ በለንደን ግሎብ ቴአትር መድረክ ላይ ወጣ። በኋላ ኒውዮርክ ተሻግሮ 637 ጊዜ ታየ፤ በ1962 የቶኒ ሽልማትን በምርጥ ተውኔትነት አገኘ። ብዙ ደራሲ አንድ ታሪክ ሲሳካለት ይበቃኛል ብሎ ወደ ሌላ ያልፋል። ቦልት ግን በየመልኩ እንደ አዲስ ጠየቀው፤ ይህን ታሪክ ማን ይንገረው? እያለ።

ለመድረክ ያገኘው መልስ «ተራው ሰው» ነው። መጋረጃው ሲከፈት ብቻውን የቆመው እርሱ ነው። የአልባሳት ቅርጫት አለው፤ በፊታችን ልብስ እየቀየረ የሞር ቤት አሽከር፣ ጀልባ ቀዛፊ፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት፣ የእስር ቤት ጠባቂ፣ የዳኞች አለቃ ይሆናል። በየመካከሉ ለእኛ ይናገራል፤ ያዋየናል፤ እንድንወደውም ያደርጋል። ክፉ ሰው አይደለም። ጉቦ ሲሰጡት ይቀበላል፤ ወሬ ሲጠይቁት ጉዳት የሌለውን መርጦ ይናገራል፤ የሚያስቸግር ነገር ሲመጣ ዘወር ይላል። ኑሮውን ብቻ ነው የሚፈልገው። እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይሄድና በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ጭንብል አጥልቆ መጥረቢያ ይዞ ይቆማል። ቦልት ይህን መንገድ የተማረው ከጀርመናዊው ፀሐፌ ተውኔት ብሬሽት መሆኑን ራሱ መስክሯል። ብሬሽት እንደዚያ ያለውን ተራኪ የሚያመጣው ተመልካቹ በስሜት ሳይዋጥ እንዲፈርድ ነው። ቦልት ግን በተቃራኒው ያቀርበናል፤ ከሞር ይልቅ ይህን ሰው እንመስላለንና ተውኔቱ ሲያልቅ መጥረቢያው በእጃችን ያለ ያህል ይሰማናል።

በ1966 ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማን ፊልሙን ሲሠራ ጽሑፉን ያዘጋጀው ቦልት ነው፤ ሞርን የተጫወተውም ያው ስኮፊልድ። ተራው ሰው ግን የለም። ምክንያቱ ይገባኛል። መድረክ ላይ ዙፋኑም ወንዙም በተመልካቹ ፈቃድ የሚኖሩ ናቸው፤ አንድ ሰው ዘወር ብሎ ቢያናግረን አይከብደንም። ፊልም ግን እውነተኛ ወንዝ፣ እውነተኛ ጭቃ፣ እውነተኛ ግንብ ያሳያል። በዚያ መካከል ሰው ወደ ካሜራ ዞሮ ቢያወጋ ያ ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ቦልት ተራውን ሰው በታተነው፤ አሽከሩ አሽከር ብቻ ሆነ፣ ቀዛፊው ቀዛፊ ብቻ፣ ጠባቂው ጠባቂ ብቻ።

ታዲያ ተራው ሰው የሚለን የነበረውን ማን ይበለን? ቦልት ወደ ሥዕል ለወጠው። አንድ ትዕይንት ላስታውሳችሁ። ንጉሡ በጀልባ ወደ ሞር ቤት ይመጣል። በጉጉት ከጀልባው ይዘልና ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ይገባል። ጀልባው ላይ ያሉት መኳንንት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ይቆጣ ይሆን? ንጉሡ ጭቃውን አይቶ ይሥቃል። ወዲያው ሁሉም መሣቅ ይጀምራሉ፤ እየተከታተሉም በዚያ ውድ ልብሳቸው ጭቃው ውስጥ ይዘላሉ። ሥልጣን ያለው ሰው የሄደበትን ሁሉ ተከትሎ መሄድ ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ተራው ሰው በመድረክ ላይ ደጋግሞ መናገር ነበረበት። እዚህ ጥቂት ሰኮንድና ጥቂት ጭቃ በቃ። ከመድረክ የመጣ ጸሐፊ ፊልምን ሲማር የተማረው ይህን ነው ብዬ ማሳየት ብፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

አንድ ሌላ ለውጥም አለ። በተውኔቱ ተራው ሰው የእስር ቤት ጠባቂ ሆኖ ሳለ፣ የታሪኩ ሰዎች በኋላ ምን እንደ ደረሰባቸው ያነብልናል። በሞር ላይ ያስፈረደው ክሮምዌል ራሱ በክህደት ተከሶ እንደ ተገደለ፣ በሐሰት የመሰከረው ሪች ግን የአገሪቱ ዋና ሹም ሆኖ አልጋው ላይ እንደ ሞተ ይነግረናል። ሞር ገና በሕይወት አለ፤ እኛ ግን ማን እንደሚያተርፍ አወቅን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የምናየው ይህን እያወቅን ነው። በፊልሙ ይህ ዜና ወደ መጨረሻው ተዛወረ። መጥረቢያው ከወረደ በኋላ ባለቤቱን የማናየው ድምፅ ያነበዋል። በመድረክ የሚያስጨንቅ ዕውቀት የነበረው በፊልም የሐዘን መዝጊያ ሆነ።

ፊልሙ ስድስት ኦስካር አገኘ፤ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ተዋናይና የቦልት ጽሑፍ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ደጋግሜ ባየው አልጠግበውም። ሆኖም ሐሳቤን በግልጽ ልንገራችሁ፤ ተውኔቱ ይበልጣል። ፊልሙ ታላቅ ሰው አሳይቶ እንድናደንቀው ያደርገናል። ተውኔቱ ታላቁን ሰው ካሳየን በኋላ ወደ እኛ ዞሮ «እናንተስ የት ነበራችሁ?» ይላል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ከፊልሙ ወጥቷል።

እስካሁን ስለ ተውኔቱ አወራን፤ አሁን ደራሲው ራሱ ወደ ተጠየቀበት ጊዜ እንመለስ። «የዘመን ሁሉ ሰው» በመድረክ ላይ እየታየ ሳለ ፕሮዲዩሰሩ ሳም ስፒግልና ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን በ1961 መጀመሪያ ቦልትን አስጠሩት። ከዚያ በፊት ፊልም ጽፎ አያውቅም። ስለ ብሪታንያዊው መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስና ስለ ዐረቦች አመፅ የሚሠራው ፊልም፣ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»፣ ቀረጻው በዮርዳኖስ ሊጀመር ቀርቦ ነበር፤ ጽሑፉ ግን አላለቀም። ቀድሞ የጻፈው አሜሪካዊው ማይክል ዊልሰን ነው። ዊልሰን በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት በሆሊዉድ ጥቁር መዝገብ የገባ፣ በገዛ አገሩ በስሙ እንዳይሠራ የተከለከለ ሰው ነበር። ከሊን ጋር ባለመስማማቱ ሥራውን ለቀቀ፤ ቦልትም ገባ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተውኔት እጅ ጎልቶ ይታያል። ሎውረንስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በረሃ ላይ ጠፍቶ የቀረ ጋሲም የተባለ ሰው ተመልሶ ያድናል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ደም እንዳይፋሰስ ሲል ነፍስ ያጠፋ ሌላ ሰው በገዛ እጁ ይገድላል። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ አንድ አደረጋቸው፤ ሎውረንስ ከሞት ያወጣውን ያንኑ ሰው በጥይት ይመታዋል። በኋላም ለአለቃው ሲናገር ያስጨነቀው መግደሉ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሲገድል ደስ መሰኘቱ እንደሆነ ይናዘዛል። የታሪክ መምህር ይህን ለውጥ ሊቃወም ይችላል። የተውኔት ሰው ግን ሰው ራሱን የሚያውቅበትን ሰዓት ለማግኘት ሁለት እውነት አጋጥሞ አንድ ማድረግን ያውቅበታል።

በዚያው በ1961፣ መስከረም ላይ ቦልት ታሰረ። የኑክሌር ጦር መሣሪያን ለመቃወም ፈላስፋው በርትራንድ ራስል የመራው «የመቶዎቹ ኮሚቴ» አባል ነበር። ለንደን ላይ ሊደረግ ከታሰበ ሰልፍ አስቀድሞ ባለ ሥልጣናት የኮሚቴውን አባላት ጠርተው ጸጥታ አናደፈርስም ብላችሁ ፈርሙ አሏቸው። ራስል ዕድሜው 89 ነበር፤ አልፈርምም ብሎ እስር ቤት ገባ። ፀሐፌ ተውኔት አርኖልድ ዌስከርም አልፈረመም። ቦልትም አልፈረመም፤ አንድ ወር ተፈረደበት። አልምልም ያለን ሰው ታሪክ ጽፎ በመድረክ ያሳየ ደራሲ አልፈርምም ብሎ ሲታሰር ታስቡታላችሁ?

ፊልሙ ግን ጽሑፍ ይጠብቃል። ስፒግል እስር ቤት ድረስ መጣ። አንተ እዚህ ስትቀመጥ ሥራው ይቆማል፣ ስንት ሠራተኛ ከእንጀራው ይነሣል፣ ስንት ገንዘብ ይጠፋል አለው። ቦልት የእስራቱን ግማሽ ያህል ጨርሶ ነበር። ፈረመና ወጣ። በስፒግል መኪና ሄዶ ጽሑፉን ቀጠለ፤ በመፈረሙ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተጸጸተ።

በቦልት ላይ ለመፍረድ ይህን አላነሣሁም። ፊልምን ከተውኔት የሚለየውን ነገር ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው። ፀሐፌ ተውኔት ብቻውን ነው፤ ቢታሰር ተውኔቱ ይዘገያል እንጂ ማንም ደጁ ላይ ቆሞ የሰው እንጀራ አትዝጋ አይለውም። የፊልም ጸሐፊ በብዙ ሚሊዮን ገንዘብና በብዙ መቶ ሰው መካከል ነው የሚቀመጠው። ስፒግል ያለው ሐሰት አልነበረም፤ የከበደውም ለዚህ ነው። ተራው ሰው እያንዳንዱን እርምጃ ሲራመድ የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አሳማኝ ነበር፤ ቦልት ይህን ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ ጻፈው፤ ከዚያ በኋላ በገዛ ሕይወቱ ተገናኘው።

ፊልሙ በ1962 ወጣና ሰባት ኦስካር አገኘ። ጽሑፉ ታጭቶ አልተሸለመም፤ ያን ዓመት የወሰደው ሌላው ከመድረክ የመጣ ጸሐፊ፣ አሜሪካዊው ሆርተን ፉት ነው። ፊልሙ ሲወጣ በጸሐፊነት የተጻፈው የቦልት ስም ብቻ ነበር። የዊልሰን ስም ከቦልት ስም ጎን እንዲቆም የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር የወሰነው በ1995 ነው፤ ዊልሰን ከሞተ 17 ዓመት በኋላ። በቴአትር ቤት የጸሐፊው ስም በር ላይ ይለጠፋል፤ ያለ ፈቃዱም ቃሉ አይነካም። በፊልም ቤት ግን የጸሐፊ ስም እንኳ ሊጠፋ ይችላል። ወደዚያ ለምትሄዱ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ስለ ኋለኞቹ ፊልሞች ፈጠን ብዬ ልናገር። በ1965 የፓስተርናክ ልቦለድ «ዶክተር ዢቫጎ» በሊን ዳይሬክተርነት ፊልም ሆነ፤ ቦልትም የመጀመሪያ ኦስካሩን አገኘበት። ከዚያ ሰፊ መጽሐፍ ፊልም ለማውጣት ያገኘው መላ ተራኪ ነው። የዢቫጎ ወንድም የቭግራፍ፣ አሁን የሶቪየት ጄኔራል፣ የጠፋች የወንድሙን ልጅ ሲፈልግ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ያገኝና ታሪኩን ይነግራታል። ወደ ኋላ ተመልሰን ስናየው የቭግራፍ በትዕይንቶቹ ውስጥ አለ፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ያያል፤ የራሱን ቃል የምንሰማው ግን ከላይ በሚመጣው የትረካ ድምፁ ብቻ ነው። ከዘመኑ ጋር ተስማምቶ የኖረ፣ ያልተስማማውን ወንድሙን በሩቁ የሚመሰክር ሰው። ተራው ሰው የጄኔራል ልብስ ለብሶ ተመለሰ የምለው ለዚህ ነው።

ከሊን ጋር የሠራው ሦስተኛው ፊልም፣ «ራያንስ ዶተር» (1970)፣ በአየርላንድ ዲንግል ጠረፍ ከአንድ ዓመት በላይ የተቀረጸ ነው። ዋናዋን ሴት የተጫወተችው የቦልት ባለቤት ሣራ ማይልስ ነበረች። ተቺዎቹ ያለ ርኅራኄ ወረዱበት፤ ሊን ከዚያ በኋላ ለ14 ዓመት ሌላ ፊልም አላወጣም። እኔም ታሪኩ ለዚያ ሁሉ ስፋት ያንሳል ባይ ነኝ። ያም ሆኖ የፊልሙን የተዋናይነት ኦስካር ያገኘው ጆን ሚልስ ነው፤ የተጫወተውም አንዲት ቃል የማይናገር የመንደር ዲዳ ነው፤ ሁሉን የሚያይ፣ ማንም የማያየው ሰው። በንግግር ችሎታው ከመድረክ የተወሰደ ጸሐፊ እዚህ ድረስ ተጉዞ ነበር።

ቦልት መድረክን ጨርሶ አልተወም። በ1970 ስለ ሁለቱ ንግሥቶች፣ ስለ ኤልሳቤጥና ስለ ስኮትላንዷ ሜሪ፣ በ1977 ደግሞ ስለ ሌኒን ተውኔት አወጣ። በሁለቱ መካከል «ሌዲ ካሮላይን ላም»ን ጽፎ ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ነበር፤ አልቀናውም፤ ዳይሬክት ማድረጉንም አልደገመውም።

በ1979 የልብ ሕመም ያዘው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ስትሮክ መታው። አካሉ በከፊል ሽባ ሆነ፤ አንደበቱም ተያዘ። ቃል ኑሮው ለነበረ ሰው ከዚህ የከፋ ምን ሊመጣ ይችላል? እንደ ሕፃን ከመነሻው መናገር ተማረ፤ መጻፍም ተማረ። ከእርሱ ጋር ተፋትታ የነበረችው ሣራ ማይልስ ተመልሳ አስታመመችው፤ በ1988ም እንደገና ተጋቡ። ከሕመሙ በፊት የጀመረው «ዘ ሚሽን» በሮላንድ ጆፌ ዳይሬክተርነት በ1986 ወጣ፤ በካን ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባውን፣ ቦልትም ለጽሑፉ ጎልደን ግሎብ አገኘበት።

በዚህ ፊልም ላይ ትንሽ ልቆይ። ቦታው ደቡብ አሜሪካ፣ የኢጉዋሱ ፏፏቴ አካባቢ ነው፤ ዘመኑ ስፔንና ፖርቱጋል በ1750 ውል መሬቱን የተከፋፈሉበት። ኢየሱሳውያን ካህናት ከጓራኒ ሕዝብ ጋር የሠሩት መንደር ለባሪያ ፈንጋዮች ሊጋለጥ ነው። አባ ገብርኤል በጸሎት ይቆማል፤ የቀድሞው ባሪያ ነጋዴ ሜንዶዛ ሰይፉን መልሶ ያነሣል፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ሞር አንድ ነበር፤ እዚህ የሞር ኅሊና ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። ታሪኩን የሚነግረን ግን ከሁለቱም አይደለም። መንደሩ እንዲለቀቅ የወሰነው፣ የሚያደርገው ስሕተት መሆኑን እያወቀ ያደረገው ካርዲናል አልታሚራኖ ነው፤ ለሮም በሚጽፈው ደብዳቤ ይተርካል። ዓለም እንዲህ ናት ብለው ሊያጽናኑት ሲሞክሩም አይቀበልም፤ ጥፋቱን በራሱና በመሰሎቹ ላይ ያደርጋል። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ ካርዲናሉ ለአንድ አፍታ ይመለሳል፤ ቀና ይልና ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ያያል። ምንም አይናገርም። በ1960 በመድረክ ያየነው ተራው ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መለሰ። ይህን ሰው የፈጠረው ሰላማዊ ሰልፍ ወጥቶ፣ ታስሮ፣ ፈርሞ፣ ተጸጽቶ የኖረ ደራሲ መሆኑን ስናስብ ዝምታው ምን ያህል እንደ ከበደ ይገባናል።

ቦልት እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ከሊን ጋር የኮንራድን ልቦለድ «ኖስትሮሞ» ለፊልም ሲያዘጋጅ ቆይቶ ሊን በ1991 ቀረጻው ሳይጀመር ሞተ። በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንት ሬጋን ላይ በተተኮሰ ጥይት አንጎሉ ስለ ተጎዳው ስለ ጄምስ ብሬዲ ለቴሌቪዥን የጻፈው ፊልም ታየ። አንደበቱንና አካሉን ተነጥቆ ደረጃ በደረጃ የሚያስመልስን ሰው ታሪክ ከቦልት የተሻለ ማን ይጽፈዋል? የካቲት 20 ቀን 1995 በሰባ ዓመቱ አረፈ።

በመካከላችሁ ለመድረክ የምትጽፉ፣ ፊልምም የሚያጓጓችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ «የዘመን ሁሉ ሰው» ተውኔቱ ታትሟል፣ ፊልሙም ይገኛል፤ ጽሑፉን በእጃችሁ ይዛችሁ ፊልሙን እዩ፣ ቦልት ምን ቆርጦ ምን እንደ ጨመረ በእርሳስ እያሰመራችሁ። ይህ ብዙ የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ይተካል። ሁለተኛ፣ በአማርኛ የተሠሩ ፊልሞቻችን ጽሑፋቸው ታትሞ የሚገኘው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ቀረጻው ሲያልቅ ወረቀቱ ይጠፋል። የእኛ ጸሐፊዎች ከመድረክ ወደ ፊልም ሲሻገሩ ምን እንደ ጣሉና ምን እንደ ያዙ የሚያጠና ሰው የሚያነበው ይፈልጋል። የጻፋችሁትን አትጣሉ፤ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ረቂቅ አስቀምጡ፤ አቅም ያላችሁም አሳትሙ።